በዝርዝሩ መጨረሻ የተጻፈው ሰው

የኢንጂነር ታመነ ሬሳ ገና መሽተት አልጀመረም። ኢንስፔክተር የወይንሐረግን ያቅለሸለሻት አለቃዋ ነበር። ኮማንደር ሽመክት የሰውዬው ደም ከደረቀበት ወለል አንድ ርምጃ ብቻ ርቆ ቆሞ ሳምቡሳ ይበላል። ዘይቱ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል፤ ጣቱን ይልሳል፤ ያወራል።

«ጉዳዩ አልቋል። ለወጉ ያህል ነው የጠራሁሽ። አይተሽ ፈርሚና እንሂድ።»

ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሳ የጅማ መንገድ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ በድንጋይና በተቃጠለ ጎማ ተዘግቶ ውሎ፣ ሌሊቱ በአፈሳ ነግቷል። ዓለም ገና ላይ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ «ዳሎታ» የሚባል የካርታ ሥራ ድርጅት ነው። ሥራው በሰበታ ዙሪያ የገበሬውን መሬት መለካትና ከመሬቱ ለሚነሳው ሰው የምትክ ቦታ ተራ ማውጣት ነበር። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ታመነ አሁን በምድር ቤቱ የማኅደር ክፍል፣ በሁለት መደርደሪያዎች መካከል፣ ኮቱን እንደለበሰ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱ ተሰብሯል። አጠገቡ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ የብረት ችካል፣ መሬት ሲለካ ድንበር ላይ የሚተከለው ዓይነት፣ ወድቋል።

«ችካሉን አየሽው?» አለ ኮማንደሩ። «ቦጂያ የሚባል ሽማግሌ ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለውን ከማሳው ላይ አንድ በአንድ ነቅሎ ጥሏል። ትናንት ጠዋት እዚህ ገብቷል። ማታ በአፈሳው ተይዞ እኛው ጋ አለ። ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ሲመጣ ከሌሎቹ ጋር ይጫናል።»

«የት ነው የሚሄዱት?»

«የሚሄዱበት።»

የወይንሐረግ ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። በዚያ ወር የተጫነ ሰው ቤተሰቡ ከበር በር ሲንከራተት ሰንብቶ «እዚህ የለም» ከሚል ሌላ መልስ እንደማያገኝ ታውቃለች። ነፍሰ ገዳይ ተብሎ የተጫነ ደግሞ ጨርሶ ደብዛው ይጠፋል። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይታለች። አንድ ነገር ካላማራት እህል አይወርድላትም፤ ባልደረቦቿ ይህን ስለሚያውቁ ሳትበላ በዋለችባቸው ቀናት ይርቋታል። ዛሬ ቁርስ አልበላችም።

«እስከ ስድስት ሰዓት ይፍቀዱልኝ» አለች።

«ፈቅጃለሁ። ግን አታድክሚኝ።» የቀረችውን ሳምቡሳ ጎረሳት።

በሩ ላይ የቆመው ምክትል ሥራ አስኪያጅ ዘርሁን ወደፊት ራመድ አለ። ነጭ መሐረብ በአፍንጫው ላይ ይዟል፤ ሲራመድም ጫማው ደም እንዳይነካ እየመረጠ ነው። አንድ ወረቀት ሰጣት።

«የበሩ መዝገብ ነው። ጥበቃው የገባውን ሰው ስምና ሰዓት በር ላይ ባለው ኮምፒውተር ይጽፋል። እኔው አትሜ ነው ለኮማንደሩ ያስረከብኩት።»

ወረቀቱ ላይ የማክሰኞ ገቢዎች አራት ናቸው። ታመነ፣ 1:05። ኡሙልኸይር፣ 1:35። ቦጂያ፣ 1:50። ዘርሁን፣ 12:40።

«የመጨረሻው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፤ ማታ። ቀኑን ጀሞ፣ ቤቴ ዋልኩ። መንገዱ ረገብ ሲል ሕንፃው እንዴት ሆነ ብዬ ብቅ አልኩ። ይሄ ክፍል ተቆልፎ ስለነበር አላየሁትም። ፈጣሪ ነፍሱን ይማር።»

«ሰው ሲወጣስ ይመዘገባል?»

«አይመዘገብም። መግቢያውም ያው አንድ በር ነው። የኋላው የብረት በር ከውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው።» መሐረቡን ከአፍንጫው አነሳ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ክፍሉ መቼ ይጸዳል? ዓርብ እንግዶች አሉብን።»

ሰባት ዓመት አብሮት የሠራ ሰው እግሩ ሥር ተደፍቶ የዓርብ እንግዳ ያሳስበዋል። የወይንሐረግ ጎንበስ ብላ የሟቹን ኪስ ፈተሸች። ስልኩ እዚያው ነበር። ሠላሳ አንድ ያልተነሳ ጥሪ፤ ሁሉም «ባለቤቴ» ከሚል አንድ ቁጥር። የመጀመሪያው ጥሪ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ የተደወለ ነው። ሴትዮዋ መንገድ መዘጋቱን ሰምታ ደውላለች፤ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ደውላለች። እንግዲህ ሰውዬው ከሁለት ሰዓት ከሃያ በፊት ሞቷል ማለት ነው። የዝርዝሩ ነገር ለኮማንደሩ የተመቸውም ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት ከሟቹ ሌላ ግቢው ውስጥ የነበሩት አንዲት ልጅና አንድ ችካል ነቃይ ሽማግሌ ብቻ ይሆናሉ።

ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ያኔት ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«ሁልጊዜ በስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ። ሰው ሳይገባ ጠርጌ፣ ወልውዬ መጨረስ አለብኝ። ትናንት ግን አልመጣሁም፤ ጎረቤታችን አርፈው ቀብር ነበርኩ። ሰኞ ዕለት ለሁሉም ተናግሬያለሁ።»

«ለአቶ ዘርሁንም?»

«ፈቃድ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው እኮ።»

የወይንሐረግ ወደ በሩ ወጣች። ጥበቃው ወንዳፍራሽ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ያለ፣ ካፖርቱ ከቁመቱ የሚረዝም ሰው ነው። ከቆርቆሮ በተሠራች ጎጆው ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና አንድ ወንበር አለ።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ትናንት ሲረበሽ እዚሁ ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ? ከጠዋት እስከ ማታ። ድንጋዩ እንደ በረዶ ሲወርድ ከዚህች ወንበር አልተነሳሁም።»

«አቶ ዘርሁንስ የገቡት?»

«ማታ ነው» አለ፤ የተናገረው ግን ለጫማው ነበር። «አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ።»

ጎጆዋ ውስጥ የሆነ ነገር ይሸታል። ከወንበሩ ሥር በላስቲክ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ ነበር። የወይንሐረግ በሁለት ጣቷ አንስታ ክዳኑን ገለጥ አደረገችው። ሹሮ ፍትፍቱ እንደተጠቀጠቀ ነው፤ ማንኪያ አልነካውም። ኮምጥጦ አረፋ አውጥቷል፤ ዳር ዳሩን ጉንዳን ወሮታል። ክዳኑን መልሳ፣ ምሳ ዕቃውን ቦታው ላይ አስቀምጣ፣ አመስግናው ወጣች።

ኡሙልኸይር ፎቅ ላይ፣ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በየቀኑ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰች የድርጅቱን ዳታ የምትይዘው እሷ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ትናንት ኢንጂነሩን አይተሽዋል?»

«አላየሁትም፤ ደውሎልኛል። በውስጥ መስመር፣ ከማኅደር ክፍሉ። አንድ ተኩል አልፏል፤ ገና ቦርሳዬን ማስቀመጤ ነበር። ‹የመንደሮቹን ዝርዝር አትመሽ አምጪልኝ› አለኝ። ‹ግን ሳትደረድሪ› አለኝ።»

«ሳትደረድሪ ማለት?»

ልጅቷ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አዞረች። «ይኸውልሽ፣ ኢንስፔክተር። ትልቅ ሰንጠረዥ አለ። ለእያንዳንዱ መንደር አንድ ረድፍ። እያንዳንዱ ረድፍ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትንሽ ሰንጠረዥ አለች፤ የዚያ መንደር ገበሬዎች እዚያ ውስጥ ናቸው። በቃ፣ ሣጥን ውስጥ ሣጥን በዪው። እኔ አንድ ፋንክሽን፣ ለኮምፒውተሩ የሚሰጥ ትእዛዝ ማለት ነው፣ ጽፌያለሁ። እሷ እያንዳንዷ ትንሽ ሰንጠረዥ ውስጥ እየገባች ረድፎቹን ታሰልፋለች፤ ብዙ ዓመት የኖረ ገበሬ ከላይ፣ ትንሽ የኖረ ከታች። የላይኞቹ አሥሩ አስፋልት ዳር ያለውን ምትክ ያገኛሉ። የቀሩት ወንዙ ማዶ ነው የሚወሰዱት።»

«ሳይሰለፍ በፊት የነበረውስ?»

«አይጠፋም። ፋንክሽኗ የምትደረድረው ኮፒውን ነው። ዋናው እንደተጻፈው ይቀመጣል፤ አዲስ ረድፍ ሲመጣ ከሥር ይጨመርበታል። ግን ማንም አያየውም። ሰው ሁሉ የሚያየው የተደረደረውን ነው።»

«ከዚያስ?»

«አተምኩለት። ልወርድ ስል ጩኸቱ መጣ። ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ወረቀቱን ፕሪንተሩ ላይ ትቼ በኋላው በር ሮጥኩ። ዛሬ ስመጣ ወረቀቱ የለም።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። አቶ ዘርሁን ደግሞ ‹አንቺ ሴት ልጅ ነሽ፤ ፖሊስ ፊት ብዙ አታውሪ› አሉኝ።»

የወይንሐረግ የበሩን መዝገብ አወጣች። «የበሩም መዝገብ በዚችው ፋንክሽን ነው የሚሄደው?»

«ያው ነው። እዚያ በመንደር ፈንታ በቀን ነው፤ ትንሿን ሰንጠረዥ በሰዓት ታሰልፋለች። ከትንሽ ቁጥር ወደ ትልቅ።»

«ያለፈውን አንድ ወር አትሚልኝ።»

ሃያ ስድስት ትናንሽ ሰንጠረዦች ወጡ። የወይንሐረግ ቆማ እያንዳንዱን አነበበች። ባነበበች ቁጥር ጣቷ የምታርፈው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ ጣቢያው ነዳች። ሰዓቷ ሦስት ከሃምሳ ይላል።

እስረኞቹ የታጎሩት በአንድ ዕቃ ቤት ነው። በሩ ሲከፈት የሽንትና የላብ ሽታ ፊቷን መታት። ለሃያ ማዳበሪያ በተሠራ ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ሰው ቆሞ አድሯል። ኦቦ ቦጂያ በግድግዳው ተደግፈው ነበር። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከከንፈራቸው ላይ ደም ደርቋል።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ቦጂያ?»

«ነጋ። ገለተ ዋቃ» አሉ፤ ከልማድ። ከዚያ አተኩረው አዩዋት። «ምን ትፈልጊያለሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«ኢንጂነሩ ጋ ለምን ሄዱ?»

«ተራዬን ልጠይቅ። እኔ እዚያ መሬት ላይ ነው የተወለድኩት። አምና ሁለተኛ ነህ አሉኝ። ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ነህ አሉኝ። ችካሉን የነቀልኩት ያን ጊዜ ነው፤ አልዋሽሽም። ከኔ በላይ የኖረ አባ መገርሳ ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰው ከየት መጥቶ ከፊቴ ቆመ?»

«አገኟቸው?»

«ዘበኛው ማኅደር ክፍል ናቸው አለኝ። አንኳኳሁ። ‹ቦጂያ ነኝ› አልኩ። ውስጥ ሰው አለ። ወረቀት ያገላብጣል፤ መሳቢያ ይከፍታል። ስጣራ ዝም አለ፤ ቆይቶ ደግሞ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። የተማረ ሰው እንዲህ ይንቀኛል ብዬ ተናድጄ ወጣሁ። ይኸው ነው።»

«ይህን ለፖሊስ ተናግረዋል?»

ቦጂያ ደም የደረቀበትን ከንፈራቸውን በጣታቸው ነኩት። «ኤዬ፣ ተናግሬያለሁ።»

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም በዳሎታ የስብሰባ አዳራሽ ተቀመጡ። ዘርሁን የሟቹ ወንበር ላይ ነው፤ ማንም ተቀመጥ አላለውም። ወንዳፍራሽና ያኔት ከበሩ አጠገብ ናቸው። ኡሙልኸይር ኮምፒውተሯን ተሸክማ መጥታለች። ኮማንደር ሽመክት ስቴኪኒ እያኘከ ሰዓቱን ያያል። የወይንሐረግ ኦቦ ቦጂያም እንዲመጡ ጠይቃ ነበር፤ «እዚያው ይቁም» አላት።

«ከዚህ ወረቀት ልጀምር» አለች፤ ዘርሁን የሰጣትን አንስታ። «አቶ ዘርሁን የገቡት በመጨረሻ ነው ይላል። ሁላችንም ዝርዝር ስናይ ከላይ ያለው ቀድሞ፣ ከታች ያለው ዘግይቶ የመጣ ይመስለናል። እኔም እንደዚያው ነበር ያነበብኩት። ያኔት፣ በስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«አሥራ ሁለት ተኩል። ጠዋት።»

«ሰው ሁሉ ከመግባቱ በፊት። ግን ያለፈው ወር መዝገብ ይኸውና፤ በየቀኑ የመጨረሻዋ ረድፍ ያኔት ናት። ሁሉም ሠርቶ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ የምትገባ ትመስላለች። ለምን፣ ኡሙልኸይር?»

ልጅቷ የተጠየቀችው በሰው ፊት ስለሆነ ድምጿ ቀነሰ። «ፋንክሽኗ ቁጥር ነው የምታየው። በኛ ሰዓት ቀኑ የሚጀምረው ከአሥራ ሁለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው አንድ የሚሆነው። ለእሷ ግን አሥራ ሁለት ከአንድም ከአሥራ አንድም ይበልጣል። ጋሽ ወንዳፍራሽ ደግሞ ጠዋት ወይም ማታ ብለው አይጽፉም። ስለዚህ የንጋት አሥራ ሁለት ሁልጊዜ ሥር ትወድቃለች። የፈረንጅ ሰዓት ቢሆን አይሳሳትም ነበር። ስህተቱ የኔ ነው።»

«ስህተቱን መቼ አወቅሽው?»

«ጥቅምት ላይ። ላስተካክለው ብዬ ለአቶ ዘርሁን ነገርኳቸው። ‹አትንኪው፤ የበር መዝገብ ማን ያየዋል› አሉኝ።»

ዘርሁን ፈገግ አለ። «ኢንስፔክተር፣ ያኔት ጠዋት ገባች ማለት እኔም ጠዋት ገባሁ ማለት ነው? አሥራ ሁለት ከአርባ ማታም አለ።»

«አለ። ወረቀቱ ጠዋት ይሁን ማታ አይነግረንም፤ እርስዎም ያተሙልን ለዚህ ነው። ስለዚህ ኡሙልኸይር የማክሰኞን ሰንጠረዥ ሳትደረድር ታሳየናለች።»

ልጅቷ ስክሪኑን አዞረችው። አራቱ ስሞች ጥበቃው በጻፋቸው ቅደም ተከተል ወጡ። ዘርሁን፣ 12:40። ታመነ፣ 1:05። ኡሙልኸይር፣ 1:35። ቦጂያ፣ 1:50። ኮማንደሩ ማኘኩን ተወ።

«ጥበቃው ማታ ጽፎ ከላይ አስገብቶት ይሆናል» አለ ዘርሁን።

«ከላይ ማስገባት አይቻልም» አለች ኡሙልኸይር። «አዲስ ረድፍ ከሥር ብቻ ነው የሚገባው።»

የወይንሐረግ ወደ በሩ ዞረች። «ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ትናንት ምሳዎን ለምን አልበሉም?»

ሰውዬው ካፖርቱን መቆለፍ ጀመረ፤ ቁልፉ ግን የተቆለፈ ነበር።

«ጎጆዎ ውስጥ ያለው ምሳ ዕቃ ማንኪያ አልነካውም። ቀኑን ሙሉ ከወንበሬ አልተነሳሁም ያለ ሰው ወንበሩ ሥር ያለውን ምሳ ይረሳል? ሁለት ሰዓት ላይ ጩኸቱ ሲመጣ ሸሽተዋል። የተመለሱት ዛሬ ንጋት ላይ ነው። ታዲያ ማታ በአሥራ ሁለት ከአርባ የአቶ ዘርሁንን ስም ማን ጻፈው?»

«ልጆች አሉኝ» አለ ወንዳፍራሽ። «አቶ ዘርሁን በሩን ጥዬ መሸሼን አውቀው ማታ ደወሉልኝ። ‹ማታ ነው የገባሁት በል፤ እኔም ሸሽቷል አልልም› አሉኝ። ከሥራ እንዳልባረር ብዬ ነው።»

«በእርስዎ ቃል አንድ ሽማግሌ ይጫን ነበር።»

«እሳቸውማ ቀድሞውንም ተይዘዋል ብዬ ነው» አለ። የወይንሐረግ ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ ይህን መልስ አስባዋለች፤ ባሰበችው ቁጥርም ያቅለሸልሻታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ይኸኛው ዳዋ ሲመታ ቆሞ ዱላ የሚያቀብል ነው።

የኮማንደሩ ስልክ ጮኸ። አዳምጦ ዘጋው። «መኪናው ቀድሞ መጥቷል። እየጫኑ ነው። ቶሎ በይ።»

«ምክንያቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም» አለች። ድምጿ ግን ፈጠነ። «ሟቹ የመጨረሻ ቃሉ ‹ሳትደረድሪ አምጪልኝ› ነበር። የኦቦ ቦጂያን መንደር እንደዚያው አሳዪን።»

ኡሙልኸይር ከፈተችው። ከላይ አባ መገርሳና ቦጂያ አሉ፤ ከዚያ ጎረቤቶቻቸው ይቀጥላሉ፤ ከሥር ደግሞ ኅዳር ሃያ ሰባት ቀን በአንድ ከሰዓት የተጨመሩ ዘጠኝ ስሞች። የኖሩበት ዘመን በሚለው ሥር፣ ስድሳ ስምንት ዓመት፣ ስድሳ ሰባት፣ ስድሳ ስድስት። ዕድሜ በሚለው ሥር፣ ሠላሳ አንድ፣ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ አራት።

«ከተወለዱበት ጊዜ በላይ የኖሩ ሰዎች ናቸው» አለች የወይንሐረግ። «ሲደረደሩ ግን ከአባ መገርሳም ከፍ ብለው አናት ላይ ይወጣሉ፤ ቦጂያም አሥራ አንደኛ ይሆናሉ። የተደረደረውን የሚያይ ሰው ዘጠኙ በአንድ ቀን መጨመራቸውን አያውቅም። ኢንጂነሩ አወቀ። የእነዚህ ሰዎች የማመልከቻ ፋይል መኖር አለመኖሩን ሊያይ ማኅደር ክፍል ገባ። እርስዎ ግን ያኔት ቀብር እንደምትሄድ አውቀው፣ መኪናዎ ግቢው ውስጥ እንዳይታይ ቤትዎ ትተው፣ በንጋት ታክሲ መጥተው፣ የውሸት ማኅደር ሠርተው ለማስገባት እየተሯሯጡ ነበር። ኢንጂነሩ ስልክ ሲደውልና ‹ሳትደረድሪ› ሲል ከመደርደሪያው ጀርባ ሰሙት፤ በችካሉ መቱት። ሕዝቡ ሲመጣ በኋላው በር ወጥተው ተቀላቀሉ፤ ፕሪንተሩ ላይ የቀረውን ወረቀትም ሳያነሱ አልሄዱም።»

«ዘጠኙ እነማን ናቸው?» አለ ኮማንደሩ።

«ሁለቱ የአቶ ዘርሁን ባለቤት ወንድሞች ናቸው። የቀሩትን ገና እጠይቃለሁ።»

ዘርሁን መሐረቡን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሲናገርም እንደ ተበደለ ሰው ነው። «ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ሊያዋርደኝ ነበር። ለመንኩት እኮ። ችካሉ እዚያው ተደግፎ ነበር፤ አስቤው አይደለም።»

«በሩ ሲንኳኳስ?»

«ምን ሲንኳኳ?»

«ሬሳው እግርዎ ሥር ነበር። ኦቦ ቦጂያ አንኳኩተው ስማቸውን ተናገሩ። እርስዎ ትንሽ ዝም ብለው ወረቀቱን ማገላበጥ ቀጠሉ። ያን ጊዜ ግን አስበውበታል፤ የሚያስይዙት ሰው በራሱ አንደበት ስሙን ነግሮዎታል።»

ያኔት ተነስታ ከዘርሁን ራቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኮማንደሩ ዘጠኙን ስሞች አንድ በአንድ ሲያነብ ቆየ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ኡሙልኸይር ያተመችለትን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

«ይኼ የዝርዝሩ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው» አለ። «የግድያውን ይዘሻል፤ ጎበዝ።»

የወይንሐረግ የሰባተኛውን ስም በቃሏ ያዘችው። አሁን ግን ጊዜ አልነበራትም። ነጭ ወረቀት ገፋችለት። «የኦቦ ቦጂያን መፈቻ ይፈርሙልኝ።»

ፈረመ። ሌላ ምን ያደርጋል፤ አምስት ሰው እያየው ነው።

ጣቢያው ስትደርስ የአይሱዙው ሞተር ተነስቷል። ወረቀቱን ለሾፌሩ በመስኮት አሳየችውና ወደ ኋላ ዞረች። ከላይ የታጎሩት ሰዎች ፊታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ኦቦ ቦጂያ ዳር ላይ፣ ብረቱን ይዘው ቆመዋል።

«ይውረዱ፣ ኦቦ ቦጂያ። ገዳዩ ተይዟል። ነፃ ነዎት።»

ሽማግሌው ወዲያው አልወረዱም። ወደ ኋላቸው ዞረው አብረዋቸው ቆመው ያደሩትን አዩ። አንዱ እጃቸውን ደግፎ አወረዳቸው። መሬት ሲረግጡ የመኪናውን ጎማ ያዙ።

«ማነው?» አሉ።

«አቶ ዘርሁን። ምክትሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልገረማቸውም። «ጎበዝ ነሽ፣ ኢንተላ ኮ። ሰው ገድሏል የተባልኩት እኔ ወረድኩ። እነዚህ ማንንም ገድለዋል አልተባሉም። እነሱን በምን ታወርጃቸዋለሽ?»

የወይንሐረግ ቀና ብላ አየች። ሃያ ሁለት ናቸው። አንዳቸውም መዝገብ የላቸውም፤ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት እንኳ የለም። ክስ ስለሌላቸው የሚመረመር ነገር የለም፤ የሚመረመር ስለሌለ መርማሪ አይመጣላቸውም። አይሱዙው ተንቀሳቀሰ። ቦጂያ መኪናው አስፋልቱን ይዞ እስኪታጠፍ ድረስ ቆመው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አንድ በአንድ ቆጠሯቸው።

«ይግቡ፣ ቤትዎ ላድርስዎት» አለቻቸው፤ የፖሊስ ፒክአፑን በር ከፍታ። «በእግር ሩቅ ነው።»

«በእናንተ መኪና ሁለተኛ አልወጣም» አሉና መንገዱን ያዙ።

«እውነትዎን ነው» አለች የወይንሐረግ፤ በሩን ዘጋችው።